ስለ ተሳቢ ቤት መኝታ ክፍልና ስለ ብርድ ሌሊት

ተሳቢ ቤት ማለት የራሱ ሞተር የሌለው፣ ከፒካፕ ወይም ከሌላ ጉልበታም መኪና ኋላ ተያይዞ የሚጎተት፣ ውስጡ ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መጸዳጃና የመመገቢያ ጠረጴዛ የተሟላለት የመንገደኛ መኖሪያ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ «ትራቭል ትሬይለር» በሚል ስም ይታወቃል። በሐምሌ ወር ሐይቅ ዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ይህ ቤት የሰው ልጅ ኑሮውን ለማቅለል ከፈጠራቸው ነገሮች ሁሉ የላቀ ይመስላል፤ በጥር ሌሊት መኝታ ክፍሉ ውስጥ ለተኛ ሰው ግን አስተያየቱ ይለወጣል። የፍሪጁ ግድግዳ ቅቤው እንዳይሞቅ የሚያደርገው ጥበቃ፣ የቤቱ ግድግዳ ባለቤቱ እንዳይበርደው ከሚያደርገው ጥበቃ ቢበልጥ እንጂ እንደማያንስ የሚረዳው ያን ጊዜ ነውና፣ ከቤቱ ነዋሪዎች ሁሉ በቅጡ የታሰበለት ቅቤው ነው ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም።

ይህ ጉድለት ግን ሠሪዎቹ ብርድን ካለማወቃቸው የመጣ አይደለም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ተሳቢ ቤቶች የሚሠሩት በኢንዲያና ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤልክሃርት ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ፋብሪካዎች ሲሆን፣ ያ አካባቢ ከሚሺጋን ሐይቅ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በረዶ እያዘለ የሚያራግፍበት፣ የጥር ሌሊቱም ከዜሮ በታች የሚወርድበት ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ወፍራም ካፖርቱን ከመስቀያው ላይ ሰቅሎ ቀጭን ግድግዳ ሲገጣጥም ይውላል ማለት ነው። እውነተኛው ምክንያት ክብደትና ስፋት ነው። ቤቱ መኪናው ሊጎትተው ከሚችለው በላይ መክበድ አይችልም፤ ስፋቱም በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ከ102 ኢንች፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ59 ሳንቲሜትር እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል፤ በመሆኑም ግድግዳው በወፈረ ቁጥር የሚቀነሰው ከነዋሪው ክርን ነው። ሻጩም ቢሆን ገዢው አልጋ እንጂ ግድግዳ እንደማይቆጥር፣ ቤቱን ሊጎበኝ የሚመጣውም በጸደይ ፀሐይ እንደ ሆነ ከልምድ ያውቃል።

የግድግዳ ሙቀት የመያዝ ችሎታ የሚለካው «አር» በሚባል ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሙቀት አልፎ እንዳይሄድ ግድግዳው የሚያሳየውን ተቃውሞ ይገልጻል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ቤቱ ሙቀት ይይዛል። በብርዳማዎቹ የአሜሪካ ክፍሎች አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ግድግዳ አር 20 አካባቢ ሲሆን፣ የተለመደው ተሳቢ ቤት ግድግዳ አር 7 አካባቢ ወይም ከዚያም በታች ነው፤ ነጠላ መስታወት ያለው መስኮት ደግሞ በአር 1 ገደማ ይቀራል። በዚህ ላይ ቤቱን ቀላል ለማድረግ ሲባል የግድግዳው አጽም በብዙ ቤቶች ከአልሙኒየም የሚሠራ ሲሆን፣ አልሙኒየም ከጥድ እንጨት ይልቅ ሙቀትን ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ እያንዳንዱ ቋሚ ዘንግ ብርድ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሻገርበት ድልድይ ይሆናል። በጠዋት የቤቱ አጽም በግድግዳው ገጽ ላይ በቀጥታ የጤዛ መስመሮች ተሥሎ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው፤ የምሕንድስና ተማሪ ቢሆን ሥዕሉን በማየት ብቻ የዘንጎቹን ቦታ ሊያውቅ ይችላል፤ ከአጠገቡ ያደረው ሰው ግን ለትምህርቱ እምብዛም ደንታ አይኖረውም።

መኝታ ክፍሉ ከሌሎቹ ክፍሎች ተለይቶ የሚበርድበት ምክንያት በአቀማመጡ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቤቱ የፊት ጫፍ፣ ከመጎተቻው በላይ ስለሆነ፣ በሦስቱ ጎኖቹ፣ በጣሪያውና በወለሉ ለውጭ አየር የተጋለጠ ነው፤ ከተቀረው ቤት ጋር የሚዛመደው በአንድ ገጹ ብቻ ነው። ከአልጋው ሥር ደግሞ ከቤቱ አንድ ጎን እስከ ሌላው የሚዘልቅ፣ ታጣፊ ወንበርና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚቀመጥበት፣ በግራና በቀኝ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ቀጫጭን በሮች ያሉት የዕቃ ሣጥን አለ። ይህ ሣጥን በአብዛኛው ማሞቂያ የማይደርሰው በመሆኑ፣ በተኛው ሰውና በሣጥኑ ቀዝቃዛ አየር መካከል ያለው ነገር አንድ ፍራሽና አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ብቻ ነው። ብርድ ከላይ እንደሚመጣ በማሰብ ብርድ ልብስ የሚደራርቡ ሰዎች እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ከጀርባቸው የተከፈተባቸውን ግንባር ሳያስተውሉት ይቆያሉ።

የቤቱ ዋና ማሞቂያ፣ በተለምዶ ፈርነስ የሚባለው፣ ፕሮፔን ጋዝን በተዘጋ የብረት ክፍል ውስጥ አንድዶ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ በክፍሉ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚሞቀውን አየር ደግሞ በማራገቢያ ገፍቶ ከወለል በታች በተዘረጉ ቱቦዎች ለክፍሎቹ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። የሚቀመጠው ከኩሽናው አጠገብ፣ በቤቱ መካከል ግድም ሲሆን፣ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚሄደው ቱቦ ከሁሉ የረዘመና የተጣመመ ስለሆነ፣ እስከዚያ የሚዘልቀው አየር ከብዙ ሰው እጅ አልፎ እንደሚደርስ ሰላምታ ሞቅታው ተሟጦ ነው የሚደርሰው። የሙቀቱን ልክ አይቶ ፈርነሱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቴርሞስታትም የተሰቀለው በኩሽናው ወይም በሳሎኑ በኩል ነው፤ በመሆኑም አንድ ሰው ሻይ ሊያፈላ ምድጃ ሲለኩስ ቴርሞስታቱ ቤቱ በሙሉ የሞቀ መስሎት ፈርነሱን ያጠፋል፤ በመኝታ ክፍሉ የሚንቀጠቀጡትም በሻዩ ጠጪ ምክንያት የተቀጡ መሆናቸውን አያውቁም። ሙቀቱ እንዳይወጣ በሚል የመኝታ ክፍሉን በር መዝጋትም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ፈርነሱ መልሶ የሚስበውን አየር የሚያገኘው ከሳሎኑ ስለሆነ፣ አየር መውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ አዲስ ሞቃት አየር በቀላሉ አይገባም። የተከፈተ በር ያሞቃል፤ የተዘጋ በር ገመናን ይሸፍናል፤ በዚህ ረገድ ባለትዳሮች ከልጆቻቸው ጋር በሚጓዙበት ጊዜ የሚያደርጉት ምርጫ ከሙቀት ሳይንስ ወሰን ውጭ ነው።

ፈርነሱ ከሚፈጥራቸው ችግሮች ሁሉ ለሥነ ልቡና ጥናት የሚመቸው ግን በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የሚከሠተው ነው። ቤቱ ከመብራት መስመር ጋር ሳይገናኝ በጫካ ሲያድር ማራገቢያው የሚሽከረከረው በ12 ቮልት ባትሪ ሲሆን፣ በማራገቢያው የአየር መንገድ ላይ ነፋሱ ሲመታት የምትነሣ ቀላል ምላስ ያላት ትንሽ ማብሪያ ትገኛለች፤ ይህች ምላስ ካልተነሣች በቂ አየር የለም ማለት ስለሆነ የጋዙ መክፈቻ እሳት እንዳይነሣ ተዘግቶ ይቆያል። ጥበቃው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱ ሲገፋና ቮልቱ ሲወርድ ማራገቢያው እየሾረ ምላሷን ለማንሣት ግን አቅም የሚያጣበት ሰዓት ይመጣል። ያን ጊዜ ፈርነሱ ጋዙን ሳያነድድ የቤቱን ቀዝቃዛ አየር እየሳበ በተኙት ሰዎች ላይ ይነፋል፤ ይህንንም የሚያደርገው በባትሪው ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ጉልበት እያሟጠጠ ነው። ማሞቂያ ሆኖ ተገዝቶ ማቀዝቀዣ ሆኖ የሚያድር መሣሪያ ከዚህ ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል።

ባትሪው ቢጸና ደግሞ ጋዙ አለ። አንድ የተለመደ ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር 9 ኪሎግራም ያህል ፕሮፔን የሚይዝ ሲሆን፣ ሲነድ ወደ 430 ሺህ ቢቲዩ ይሰጣል፤ ቢቲዩ ማለት አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ የሚያስፈልግ የሙቀት መጠን ነው። በሰዓት 30 ሺህ ቢቲዩ የሚበላ ፈርነስ ያለማቋረጥ ቢነድ ሲሊንደሩ ከ14 ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ እርግጥ ነው ፈርነሱ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሆኖም ብርዱ በጠነከረ መጠን የሚጠፋበት ጊዜ ያጥራል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ድረስ መትነኑን የማያቆም በመሆኑ ለብርድ አገር የተመቸ ሲሆን፣ የጋዝ ዘመዱ ቡቴን ግን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከፈሳሽነቱ አልላቀቅ ይላል። ፕሮፔንም ቢሆን ብርድ ሲጸናበት ግፊቱ ይዳከማል። አንዱ ሲሊንደር ሲያልቅ በራሱ ወደ ሁለተኛው የሚያዞር መቆጣጠሪያ በዘመናዊ ቤቶች ላይ የተለመደ ነው፤ በሌለበት ግን አንድ ሰው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ፣ ጫማ ፈልጎ፣ ባትሪ መብራት በጥርሱ ነክሶ፣ የቀዘቀዘ ነሐስ በባዶ እጁ ማዞር ይኖርበታል። ይህ ሰው ማን እንደሚሆን የሚወስን የታወቀ ሕግ የለም፤ በተግባር ግን ቀድሞ የነቃ ሳይሆን መንቃቱ ቀድሞ የታወቀበት እንደሚወጣ፣ ስለዚህም በእንደዚህ ያለ ሌሊት ሁለት ሰዎች ዐይናቸውን ጨፍነው እኩል የሚያስመስሉ መሆናቸው ለማንም ግልጽ ነው።

መብራት ባለበት የካምፕ ቦታ ያረፉ ሰዎች ፈርነሱን አጥፍተው በኤሌክትሪክ ሂተር መሞቅን ይመርጣሉ፤ በተለይ የመብራቱ ዋጋ ከቦታው ኪራይ ጋር ተጠቃልሎ በሚከፈልበት ጊዜ ምርጫው ከሳይንስ ይልቅ ከቁጠባ የሚመነጭ ነው። በአሜሪካ የተለመደው ባለ 30 አምፒር መስመር በ120 ቮልት የሚሰጠው 3,600 ዋት ሲሆን፣ አንዱ ሂተር 1,500 ዋት ስለሚወስድ፣ ሁለት ሂተር ለኩሶ ቡና ማፍያውን የሰካ ሰው ቤቱን በአንድ ጊዜ ያጨልመዋል። ሂተሩን ከግድግዳው ሶኬት ይልቅ በስስ ማከፋፈያ ላይ መሰካት አደገኛ መሆኑን አምራቾቹ ሁሉ ይጽፋሉ፤ ጽሑፉ የሚገኘው ግን ማንም በማያነበው ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ የሚረቅቅ ሌላ ጣጣም አለ። በብዙ ቤቶች የውሃ ቧንቧዎቹና ከወለል በታች ያሉት የውሃ ታንኮች እንዳይቀዘቅዙ የሚጠብቃቸው ከፈርነሱ ቱቦ የሚሾልከው ሙቀት ነው። ሂተሩ ቤቱን ሲያሞቅ ቴርሞስታቱ ጠግቦ ፈርነሱ ሳይነሣ ያድራል፤ የተኙት በላብ ይነቃሉ፤ ቧንቧው ግን በረዶ ሆኖ ይገኛል። መኝታ ክፍሉን በደንብ በማሞቅ መታጠቢያ ቤቱን ማቀዝቀዝ የሚቻለው በዚህ ዓይነት ቤት ብቻ ነው።

ይሁንና ስለ ተሳቢ ቤት ሙቀት በሰፊው የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ ከብርዱ ይልቅ ትኩረት የነፈጉት ጠላት ውሃ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በእንቅልፍ ሰዓቱ ከትንፋሹና ከቆዳው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ በተን መልክ ያወጣል፤ ሁለት ሰዎች ከሆኑ ግማሽ ሊትር፣ ውሻቸው አብሯቸው ከተኛ ደግሞ ከዚያ በላይ። በትልቅ ቤት ይህ ውሃ ተበትኖ ይጠፋል፤ በአሥር ሜትር ኩብ መኝታ ክፍል ግን ወዴትም መሄጃ የለውም። ጤዛ የሚጀምርበት ሙቀት ማለት አየሩ የያዘውን ተን መሸከም አቅቶት ውሃ አድርጎ የሚጥልበት የሙቀት ልክ ሲሆን፣ 20 ዲግሪ የሞቀና በግማሽ እርጥብ የሆነ አየር ከ9 ዲግሪ ብዙም ያልበለጠ ገጽ ሲያገኝ ውሃውን ያራግፋል። የመስኮቱ መስታወት፣ የአልሙኒየሙ ዘንግ፣ የቁም ሣጥኑ የኋላ ግድግዳና የፍራሹ ሥር በብርድ ሌሊት ከ9 ዲግሪ በታች መሆናቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ አየሩን ይበልጥ ማሞቅ፣ አየሩ ብዙ ተን እንዲሸከም፣ የተሸከመውንም ይዞ ቀዝቃዛው ጥግ ድረስ ሄዶ እንዲያራግፈው ማድረግ ይሆናል። ብርዱ ሲጠና ጤዛው በረዶ ስለሚሆን፣ ከግድግዳው በኩል የተኛው ሰው ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሲጎትት ጨርቁ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ፤ በመኝታ ላይ ከሚነሡ የብርድ ልብስ ክርክሮች መካከል አጋርን በሐሰት የሚያስወነጅለው ይህ ነው።

የጭስ መውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያ ይህንን ችግር በእጥፍ ያሳድገዋል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ በጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይወጣዋልና፣ በእንዲህ ያለ ማሞቂያ የሚሞቅ ሰው በአንድ እጁ እሳት፣ በሌላው እጁ ውሃ እያስገባ ነው። ከውሃው የሚብሰው ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ ይህ ጋዝ ቃጠሎው በቂ አየር ሲያጣ የሚፈጠርና በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የማብሰያ ምድጃን ለኩሶ መተኛት፣ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ጭስ መውጫ የሌለውን ማሞቂያ ሳያጠፉ ማሸለብ በዚህ ምክንያት ከቀልድ ውጭ ናቸው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ዕድሜው ተወስኖ የሚሠራ ስለሆነ፣ ጊዜው ካለፈበት ጌጥ ነው።

መፍትሔው ሲሰማ እብደት ይመስላል፦ ሞቅ ያለውን አየር በከፊል ወደ ውጭ መልቀቅ። የውጭው አየር በብርድ ጊዜ የሚይዘው ተን ጥቂት ስለሆነ፣ የጣሪያውን መስኮት በጣት ስፋት ከፍቶ ማደር ለጤዛው ከመድኃኒቶች ሁሉ ርካሹ ነው፤ ሆኖም በከባድ ድካም ያሞቁትን ክፍል ለመክፈት የሚደፍር ባለቤት ጥቂት ነው፤ የደፈረውንም የሚያመሰግነው አጋር ከዚያ ያነሰ ነው። ሌላው ዘዴ እርጥበት መጣጭ መሣሪያ ሲሆን፣ በመጭመቂያ የሚሠራው ዓይነት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሥራው ስለሚደክም፣ በኬሚካል መጣጭ የሚሠራው ለዚህ ቤት ይመረጣል። በካልሲየም ክሎራይድ ቅንጣት የተሞሉት ትንንሽ ሣህኖች ለቁም ሣጥን ይበቃሉ፤ ለሁለት ሰውና ለአንድ ውሻ ግን አይበቁም። ከሁሉ የሚዘነጋው የፍራሹ ሥር ነው፤ ከሰውነት የሚወጣው ተን በፍራሹ ውስጥ አልፎ ቀዝቃዛውን ጣውላ ሲያገኝ ውሃ ይሆናልና፣ ሻጋታው የሚጀምረው ማንም በማያይበት በዚያ ቦታ ነው። ጣውላውን ከሥሩ በጠንካራ የፎም ሰሌዳ መሸፈን፣ ከላዩ ደግሞ ፍራሹን በርብራብ ወይም አየር በሚያሳልፍ ወፍራም መረብ ከፍ ማድረግ ሁለቱን ችግሮች፣ ብርዱንና ውሃውን፣ በአንድ ሥራ ያቃልላቸዋል፤ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም በዚህ ቤት ውስጥ መኖሩ ያጠራጥራል።

በመስኮት መሸፈኛው ላይ ብዙ መቆም አያስፈልግም። አብዛኛው ሰው የሚገዛው የአረፋ ፊኛ የያዘና በብር ቀለም የተሸፈነ ስስ ምንጣፍ የሚያንጸባርቀው ከፊቱ ባዶ የአየር ክፍተት ሲኖር ነው፤ ከመስታወቱ ጋር ተለጥፎ ሲቀመጥ ሥራው ይቀንሳል። የማያከራክረው ውጤቱ ጨለማው ነው፤ ሁሉንም መስኮት በብርማ ምንጣፍ የሸፈነ ቤተሰብ ንጋቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። በጣሪያው መስኮት ውስጥ የሚወተፈው በየጎኑ 35 ሳንቲሜትር የሆነው ትራስም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ሲገፉት ፊት ላይ የመውደቅ ልማዱ ካልታሰበ። ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የሚቆሙ ደግሞ ነፋስ ከሥር እንዳያልፍ የቤቱን ወገብ በወፍራም ሸራ ወይም በፎም ሰሌዳ ይከብባሉ። በገለባ ነዶ የሚከብቡም አሉ፤ ገለባ ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን ብርዱን ሸሽታ ለምትመጣ አይጥ ከዚህ የተሻለ ግብዣ ስለሌለ፣ ቤቱ ይሞቃል፤ የነዋሪውም ቁጥር ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ሥር የሚገኘው ስሕተት ክፍሉን ማሞቅና የተኛውን ሰው ማሞቅ አንድ ሥራ መምሰሉ ነው። አዳራሽ የሚያህሉ ብርዳማ ቤቶች የነበሯቸው የቀድሞ ሰዎች በዚህ አልተታለሉም። በፈረንሳይ ብሬታኝ የገበሬው አልጋ ተንሸራታች በር ያለው የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ቤቱ ቢበርድም የሣጥኑ ሆድ ሰው በሚያወጣው ሙቀት ይሞቃል። የሰሜን ቻይና ሰዎች የኩሽናውን ጭስ ከሥሩ በሚያሳልፍ «ካንግ» በሚባል የጡብ መደብ ላይ ይተኛሉ፤ ጃፓኖች ደግሞ ቤቱን ትተው «ኮታትሱ» በሚባለው፣ ብርድ ልብስ በተጣለበት ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ያሞቃሉ። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ከ70 እስከ 80 ዋት የሚሆን ሙቀት ያወጣል፤ ይህ ሙቀት ለክፍሉ ከምንም አይቆጠርም፤ ለአልጋው ግን ብዙ ነው። ከአንሶላ ሥር የሚነጠፈው የኤሌክትሪክ ንጣፍ ከዚህ አስተሳሰብ የተወለደ ሲሆን፣ ከ100 እስከ 200 ዋት በሚሆን ጉልበት 1,500 ዋት ሂተር ያልቻለውን ይፈጽማል። ከላይ ከሚደረበው ይልቅ ከሥር የሚነጠፈው የሚመረጥበት ምክንያትም አለው፤ ብርድን የሚከላከለው በጨርቁ ውስጥ የታመቀው አየር ስለሆነ፣ በሰው ክብደት የተጨፈለቀ ጨርቅ ከሥር የሚሠራው ጥቂት ነው። በባትሪ ለሚያድር ሰው ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ ማብራት ባትሪውን ስለሚያሟጥጠው፣ ከመተኛቱ በፊት ግማሽ ሰዓት አብርቶ ማጥፋት ይበቃል። ለሁለት ሰው የተሠራው ንጣፍ ሁለት መቆጣጠሪያ አለው፤ ገመዶቹ በስሕተት ከተቀያየሩ አንደኛው እየበረደው ሲጨምር ሁለተኛው ይቃጠላል፤ ሁለተኛው እየሞቀው ሲቀንስ አንደኛው ይበርደዋል፤ ሁለቱም ስለ ሌላው ግትርነት ይገረማሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም የተሻለ ዕውቀት ያላቸው የአማርኛ ተናጋሪዎች በአሜሪካ የረጅም ርቀት ከባድ መኪና የሚነዱት ናቸው። ከነጂው ወንበር ኋላ ያለው «ስሊፐር» የሚባለው መኝታ እንደ ተሳቢ ቤቱ ጠባብና የተጋለጠ ቢሆንም፣ የሙቀቱ ጥያቄ ግን ቀድሞ የተመለሰለት ነው። ትልቁን ሞተር ለሙቀት ብሎ ሌሊቱን ማስነሣት በሰዓት 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል፤ በካሊፎርኒያም የቆመ ከባድ የናፍጣ መኪናን ሞተር ከ5 ደቂቃ በላይ ሳያጠፉ ማቆየት በሕግ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ናፍጣ እያንጠባጠበ የሚያነድድ፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ በሰዓት ከሩብ ሊትር በታች የሚበላ ትንሽ ማሞቂያ በመኝታው ሥር ይተከላል። የጭሱ መውጫ ለብቻው ስለሆነ የቃጠሎው ውሃም አብሮት ይወጣል፤ አየሩ ደረቅ ሆኖ ያድራል። ዛሬ ዛሬ የተሳቢ ቤት ባለቤቶችም ይህን ማሞቂያ ለመኝታ ክፍላቸው ብቻ እያስተከሉ ነው፤ ነጂዎቹ ይህን ሲያዩ ፈገግ ቢሉ ተገቢ ነው። በጓዛቸው መካከል የሚገኘው ጋቢ ግን አከራካሪ ነው። አራት እጥፍ ሆኖ በመካከሉ አየር የሚይዘው ጋቢ ለደረቅ ብርድ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ጥጥ እርጥበት ሲጠጣ ሙቀት መያዙን ስለሚተው፣ ጤዛ በሚያንጠባጥብ መኝታ ውስጥ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራው ባና ይበልጠዋል፤ ይህን ለላከችለት እናት መንገር ግን ከልጇ አይጠበቅም።

አውሮፓውያን ደግሞ ጉዳዩን በወረቀት ፈጽመውታል። ለተሳቢ ቤቶች በወጣው ኢኤን 1645 በተሰኘው የአውሮፓ መለኪያ መሠረት፣ ሦስተኛ ደረጃ ማሞቂያ አለው የሚባለው ቤት ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነበት ጊዜ ውስጡን 20 ዲግሪ ማድረስ መቻሉ የተፈተነ መሆን አለበት። የስዊድን ሠሪዎች በቤቱ ዙሪያ ሞቃት ፈሳሽ የሚዞርባቸው ቧንቧዎች ስለሚዘረጉ ሙቀቱ ከአልጋው ጀርባም ይነሣል፤ መስኮቶቹም ሁለት ንብርብር ናቸው። በአሜሪካ ገበያ «ለአራቱም ወቅት የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠው ቤት ግን ይህን ስም የሚያገኘው በአብዛኛው ከሻጩ አፍ ስለሆነ፣ ከአራቱ ወቅቶች የትኛው እንደሚበዛበት የሚታወቀው ከተገዛ በኋላ ነው።

ከሁሉም ወጪ ያነሰውን መንገድ የመረጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጡረተኞች ግን ግድግዳም ሆነ ፈርነስ ሳያሻሽሉ፣ ለቤቱ ጎማ የተገጠመለት በከንቱ አይደለም በማለት ኅዳር ሲገባ ወደ ደቡብ ይጎትቱታል። በአሪዞና ምድረ በዳ የምትገኘው ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ መንደር በጥር ወር በተሳቢ ቤቶች የምትሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑ በእውነት ይሞቃል፤ ሰዎቹም በቁምጣ ተቀምጠው ስለ ሰሜኑ በረዶ እየተሳሳቁ ያወራሉ። ነገር ግን በምድረ በዳ አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ደመና የሌለው ስለሆነ፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ስለምትለቀው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ፈርነሶቹ በየተራ ይነሣሉ፤ ባትሪያቸው የደከመባቸውም ቀዝቃዛ አየር መንፋት ይጀምራሉ።